የተስተካከለ ሁሉ ትክክል ነውን?



በቋንቋችን «አስተካከለ» የሚለው ቃል ሁለት ሥራ ደርቦ ይሠራል። አናጢ የጠረጴዛ እግሮችን አስተካከለ ስንል እኩል አደረጋቸው ማለታችን ነው። መምህር የተማሪውን መልስ አስተካከለ ስንል ደግሞ ስሕተቱን አረመ ማለታችን ነው። እኩል ማድረግንና ማረምን በአንድ ቃል ስለምንጠራቸው፣ እኩል ያልሆነ ነገር ባየን ቁጥር የተሳሳተ ነገር ያየን ይመስለናል። ምንጣፉ ከተንጋደደ፣ ጋቢው በአንድ ወገን ከረዘመ፣ እጃችን ሳናስበው ይዘረጋል። ይህ ልማድ ለምንጣፍና ለጋቢ ደግ ነው። ለሁሉም ነገር ግን ደግ ነው ወይ? ላነሳው የፈለግሁት ጥያቄ ይኸው ነው። የማነሳውም ብዙዎቻችን ከሒሳብ ጋር ዝምድና አለው ብለን በማንገምተው ነገር፣ በዜማ ላይ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። የሙዚቃ መሣሪያን በተመለከተ ዑለሞች ብዙ የተነጋገሩበትና የተለያዩበት ጉዳይ አለ። እኔ የሒሳብ መምህር እንጂ ሙፍቲ አይደለሁምና ወደዚያ አልገባም። የምናገረው ስለ ድምፅ ልክና መጠን ነው። ይህ ደግሞ ለሙስሊሞች እንግዳ ትምህርት አይደለም። አል-ኪንዲ በ9ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ድምፅ ልክ በርካታ ጽሑፎችን ጽፈዋል። እ.ኤ.አ. በ950 ያረፉት አል-ፋራቢ «ኪታቡል ሙሲቃ አል-ከቢር» የተሰኘውን ትልቅ መጽሐፍ አዘጋጅተዋል። ባግዳድ እ.ኤ.አ. በ1258 በሞንጎሎች እጅ ስትወድቅ በከተማይቱ የነበሩት ሰፊዩዲን አል-ኡርመዊም «ኪታቡል አድዋር» በሚባለው መጽሐፋቸው ይታወቃሉ። አድዋር ማለት ዑደቶች ወይም ክቦች ማለት ነው። እኚህ ሰው ድምፆችን በክብ ዙሪያ እየደረደሩ፣ የሚስማሙትን በመስመር እያገናኙ ያሳዩ ነበር። በዚያ ዘመን የድምፅ ጥናት ከቁጥር ትምህርት ጋር አብሮ የሚሄድ የዕውቀት ዘርፍ ነበር።

የእርሳቸው ክብ ለእኛም ይጠቅመናል። አንድ ጎልማሳ ወንድና አንዲት ሴት አንድ ዜማ አብረው ሲያዜሙ እርሱ በወፍራም፣ እርሷ በቀጭን ድምፅ ይሄዳሉ። ሆኖም ጆሯችን ሁለቱም እዚያው ድምፅ ላይ እንዳሉ ይነግረናል። ይህ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ የቀጭኑ ድምፅ ንዝረት የወፍራሙ እጥፍ ስለሚሆን ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ኦክታቭ ይባላል። ዛሬ በየቤቱ የምናየው ኪቦርድ ይህን ርቀት በ12 እኩል እርምጃዎች ይከፍለዋል። ሰፊዩዲን በ17 ይከፍሉት እንደነበር ልብ በሉ፤ እኔ ግን ለልጆች በሚቀለው በ12ቱ እቀጥላለሁ። 12 እርምጃ ተራምደን ስንጨርስ የመነሻው ድምፅ እጥፍ ላይ እንደርሳለን፤ ማለትም ዞረን ወደ ቤታችን እንመለሳለን። ታዲያ ይህ የግድግዳ ሰዓት አይደለምን?

እስቲ በስስ ወረቀት ላይ የሰዓት ፊት ሳሉና ከ1 እስከ 12 ቁጥሮቹን ጻፉ። 12 ቁጥር መነሻ ድምፃችን ትሁን። የአገራችን ባህላዊ ዜማ በአራት ቅኝቶች ይታወቃል፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ። እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ድምፅ አላቸው። ሙዚቀኞች ሜጀር የሚሉት ትዝታ 12፣ 2፣ 4፣ 7 እና 9 ላይ ነጥብ ያስቀምጣል። አንቺሆዬ 12፣ 1፣ 5፣ 6 እና 9 ላይ ያስቀምጣል። አምባሰል 12፣ 1፣ 5፣ 7 እና 8 ላይ ነው። ሜጀር የሚባለው ባቲ ደግሞ 12፣ 4፣ 5፣ 7 እና 11 ላይ ነው። ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ወረቀት ያስፈልጋል።

አሁን ወረቀቶቹን እንጠፋቸው። የትዝታን ወረቀት ከ2 ወደ 8 በሚሄደው መስመር ላይ ብታጥፉት 12 ከ4 ጋር፣ 7 ከ9 ጋር ይገጥማሉ፤ 2 እዚያው መስመሩ ላይ ይቀራል። ነጥብ ሁሉ ነጥብ ላይ አረፈ ማለት ነው። በትምህርት ቤት ሲሜትሪ የምንለው ይህን ነው፤ አንዱ ወገን ለሌላው የመስተዋት ምስል ሆነ። የአንቺሆዬን ወረቀት ከ9 ወደ 3 በሚሄደው መስመር እጠፉት። 12 ከ6 ጋር፣ 1 ከ5 ጋር ይገጥማል፤ 9 መስመሩ ላይ ይቀራል። ለጆሮ እንግዳ የሚመስለው አንቺሆዬ እንዲህ ገጥሞ መገኘቱ ተማሪዎቼን ሁልጊዜ ያስገርማቸዋል።

የአምባሰልን ወረቀት ግን በፈለጋችሁት መስመር እጠፉት፤ አይገጥምም። ከቁጥር ወደ ቁጥር ብታጥፉት፣ በሁለት ቁጥሮች መካከል ብታጥፉት፣ ቢያንስ አንድ ነጥብ ባዶ ቦታ ላይ ያርፋል። ባቲም እንዲሁ ነው። ሁለቱም ለየብቻቸው የማይገጥሙ ናቸው።

ሆኖም የአምባሰልን ወረቀት ከ12 ወደ 6 በሚሄደው መስመር አጥፋችሁ ነጥቦቹ በስሱ ወረቀት በኩል የት እንዳረፉ ተመልከቱ። 1 የነበረው 11 ላይ፣ 5 የነበረው 7 ላይ፣ 7 የነበረው 5 ላይ፣ 8 የነበረው 4 ላይ ይሆናል፤ 12 ቦታዋን አትለቅም። 12፣ 4፣ 5፣ 7፣ 11። ይህ ባቲ ነው! በሌላ አነጋገር፣ ከአምባሰል መነሻ ተነስቶ ቁልቁል የሚወርድ ሰው የሚረግጣቸው እርምጃዎች፣ ከባቲ መነሻ ተነስቶ ሽቅብ የሚወጣ ሰው ከሚረግጣቸው ጋር አንድ ናቸው። ይሁንና የአምባሰልን ሰዓት የቱንም ያህል ብታዞሩት ባቲ አይሆንላችሁም። እንደ ቀኝና ግራ ጫማ ናቸው። መጠናቸው አንድ፣ ቆዳቸው አንድ፣ ግን የቀኙን ጫማ ብታዞሩት ብታዟዙሩት ለግራ እግር አይሆንም።

በአንጻሩ ማይነር የሚባለው ትዝታ 12፣ 2፣ 3፣ 7 እና 8 ላይ ነው። ይህን ከአምባሰል ጋር ብታስተያዩት ክቡ ያው ሆኖ ቤቱ ብቻ የተለወጠ መሆኑን ታያላችሁ፤ ማዞር ብቻ ይበቃዋል። ስለዚህ የቅኝትን ጠባይ የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የእርምጃዎቹ አደራደርና ቤቴ ብለን የምንመለስበት ድምፅ።

ባቲና አምባሰል የወሎ አገር ስሞች መሆናቸውን አንባቢ ያውቃል። ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ ደገኛው ከአፋሩ የሚገናኝባት የሰኞ ገበያዋ ስሙ የገነነ ከተማ ናት። አምባሰል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1889 ለተፈረመው ውል ስሟን ያዋሰችው ውጫሌ ያለችበት ተራራማ አገር ነው። ከአምባሰል ወደ ባቲ መሄድ ከደጋ ወደ ቆላ መውረድ ነው። ስሞቹ ለቅኝቶቹ የተሰጡት በዚህ ምክንያት ነው ማለቴ አይደለም፤ ግጥምጥሞሹ ግን ደስ ይለኛል። ደስ የሚለኝ የራሴም ምክንያት ስላለኝ ነው። እናቴ የአምባሰል ልጅ ናት፤ አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ የባቲ ሰው ነበር።

እናቴ ዕድሜዋ ከሰማንያ አልፏል፤ አልሐምዱ ሊላህ፣ ጆሮዋም ልቧም ደህና ነው። በልጅነቷ በአባቷ ቤት ሐድራ ከጓዳ ሆና እያዳመጠች የያዘቻቸው አሥራ አንድ መንዙማዎች አሏት። አንዳቸውም በወረቀት አልሰፈሩም። ከእነርሱ ውስጥ ሁለቱን አሁን መጀመሪያቸውን ብቻ ነው የምታስታውሰው። የቀሩትን አብረዋት የሚያውቁ ሰዎች አንድ በአንድ አልፈዋል። እኛ ልጆቿ ደግሞ ቃሉን እንጂ ዜማውን አሳምረን የያዝን አይደለንም። ዜማው ያለው በአንድ ሰው ጉሮሮ ውስጥ ነው ማለት ይቻላል።

ባለፈው ዓመት የታላቅ እህቴ ልጅ ለእህቱ ኒካሕ አያቱ ስታዜም ድምፅዋን በስልክ ቀዳ። ልጁ ብልህ ነው፤ አያቱንም ይወዳል። የቀዳውን ለሰው ከማሰማቱ በፊት ድምፅ በሚያስተካክል ፕሮግራም አሳለፈው። እነዚህ ፕሮግራሞች የሚሠሩት ቀላል በሆነ መንገድ ነው። የተፈቀዱ ድምፆች ዝርዝር አላቸው። ዘፋኙ ወይም አዝማሪው ከተፈቀዱት መካከል ያልሆነ ድምፅ ላይ ከቆመ፣ ፕሮግራሙ በጣም ወደሚቀርበው ወደተፈቀደው ድምፅ ይገፋዋል። ልጁ የመረጠው ዝርዝር አልነበረም፤ ፕሮግራሙ ሲከፈት በነበረበት፣ በተለመደው የሜጀር ዝርዝር ነው የሄደው።

ቤተሰቡ ተሰብስቦ ቅጂውን ከፈተልን። ድምፁ የጠራ ነው፤ ሳሉ የለ፣ የዶሮው ጩኸት የለ። ሁላችንም «ማሻአላህ» አልን። እናቴ እስከ መጨረሻው ጸጥ ብላ አዳመጠችና፣

«ድምፁ የኔ ነው፤ ዜማው ግን የሰው ነው» አለች።

ልጁ ደነገጠ። «እማማ፣ እኔ ምንም አልጨመርኩበትም እኮ! ትንሽ አስተካከልኩት እንጂ» አላት።

«አብሽር ልጄ፣ አልተቆጣሁም። ግን ይሄ ሜዳ ለሜዳ ይሄዳል። የኛ እንደዚያ አይደለም። ገደል አፋፍ ላይ እንዳለ ሰው መጀመሪያ ጠጋ አርገህ ትረግጣለህ፤ ከዚያ ትዘላለህ» አለችውና በዚያው በተቀመጠችበት አዜመችው።

እኔም ወረቀትና እርሳስ ይዤ ሁለቱን አስተያየሁ። እናቴ ያዜመችው በሰዓታችን ላይ 12፣ 1፣ 5፣ 7፣ 8 ነው፤ አምባሰል። ከ12 ወደ 1 ጠባብ እርምጃ ነው፤ ከ1 ወደ 5 ዝላይ ነው። ጠጋ አርጎ መርገጥና መዝለል ያለችው ይህንን ነው። የእርሷ 1 ግን ልክ 1 ላይ አይቆምም፤ ጥቂት ከፍ ይላል። 8ቱም እንደዚሁ። በፕሮግራሙ ዝርዝር ውስጥ ደግሞ 1 እና 8 አልተፈቀዱም። ስለዚህ ከፍ ያለውን 1 ወደ 2፣ ከፍ ያለውን 8 ወደ 9 ገፋቸው። የቀረው ምንድን ነው? 12፣ 2፣ 5፣ 7፣ 9። ይህን ወረቀት ከ7 ወደ 1 በሚሄደው መስመር እጠፉትና ተመልከቱ። 12 ከ2 ጋር፣ 5 ከ9 ጋር ይገጥማል! ሁለት ነጥቦች ብቻ፣ ያውም ትንሽ ትንሽ በመገፋታቸው፣ የማይገጥመው ገጣሚ ሆነ። ክቡም የሜጀር ትዝታ ክብ ሆነ፤ በሌሎች ብዙ አገሮች ሕዝቦችም ዜማ የሚገኘው ያ ክብ ማለት ነው።

ልብ በሉ፤ የተስተካከለው ዜማ አስቀያሚ አልነበረም። ለዚህም ነው እኛ ማሻአላህ ያልነው። ጉዳቱ የማይታወቀውም በዚህ ምክንያት ነው። የተበላሸ ነገር ቢሆን ኖሮ ሁላችንም በጮህን ነበር። የጠፋው ውበት አይደለም፤ የጠፋው አድራሻ ነው። ሰሚው ያ ዜማ ከየት አገር እንደመጣ የሚያውቅባቸው ሁለቱ ጠባብ እርምጃዎች ተወሰዱ።

ከዚህ ተነስቼ ሲሜትሪን መንቀፌ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ትዝታ ይገጥማል፤ ስንቱን ሰው በእንባ ያጥባል። አንቺሆዬም ይገጥማል። መግጠም ለአንድ ቅኝት ጠባዩ ነው እንጂ ማዕረጉ አይደለም። አለመግጠምም እንደዚያው ጠባይ ነው እንጂ ጉድለት አይደለም። የሰው ልጅ ከውጭ ሲታይ ዓይኑ ከዓይኑ፣ እጁ ከእጁ ይገጥማል። ከውስጥ ግን ልቡ ወደ ግራ ያዘነበለ፣ ጉበቱ በቀኝ የተቀመጠ ነው። ሁለቱንም ያደረገ አንድ ፈጣሪ ነው። ሶላታችንን ስንጨርስ ወደ ቀኝም ወደ ግራም እናሰላምታለን፤ ሁለቱ መዞር እርስ በርሳቸው የመስተዋት ምስል ናቸው፤ ሆኖም ቀኙ ይቀድማል። እኩልነትና ቅደም ተከተል በአንድ ሥራ ውስጥ አብረው ይኖራሉ።

አንድ ነገር ደግሞ በጣም ያሳስበኛል። ለብቻው የሚገጥም ነገር በመስተዋት ፊት ቢቆም የሚያየው ያንኑ ራሱን ነው። የማይገጥም ነገር ግን በመስተዋት ውስጥ የሚያየው ጥንዱን ነው። ቀኝ ጫማ ግራ ጫማን ያያል፤ አምባሰል ባቲን ያያል። ስለዚህ አምባሰልን አስተካክለን ስናስገጥመው ያጠፋነው አምባሰልን ብቻ አይደለም፤ ባቲንም ጥንድ አልባ አስቀርተነዋል። ሁለት አገር ሰዎች፣ ደገኛና ቆለኛ፣ ተጋብተው በኖሩበት ቤት ያደግሁ ሰው በመሆኔ ይህ ለእኔ የቁጥር ጨዋታ ብቻ ሆኖ አይታየኝም። አባቴና እናቴ ጠባያቸው ለየቅል ነበር። አንዱ ሲቸኩል አንዷ ትዘገያለች፤ አንዷ ስትቆጥብ አንዱ ይለግሳል። አንዳቸው ሌላውን «ለማስተካከል» ቢነሱ ኖሮ ያ ቤት ዕድሜ ባልኖረው ነበር።

የሰዓታችንን ፊትም ቢሆን ከልኩ በላይ አናምነው። የእናቴ 1 ከፍ ማለቱ፣ ክራር ደርዳሪም በጆሮው እንጂ በቁጥር አለመቃኘቱ የሚያስተምረን 12ቱ ቁጥሮች ካርታ መሆናቸውን ነው። ካርታ መንገድ ያሳያል፤ አገሩን ግን አይተካም። ካርታው ላይ ያልተሳለ ምንጭ ቢገኝ ምንጩን የሚደፍን ሰው የለም፤ ካርታውን ያርማል። ድምፅ ሲሆን ግን ምንጩን እየደፈንን ነው።

በቤታችን የሆነው በመልካም አለቀ። ታናሽ እህቴ ያልተነካውን ቅጂ በራሷ ስልክ ይዛ ስለነበር አልጠፋም። ልጁም ፕሮግራሙን ዘግቶ፣ እግሩን አጣጥፎ አያቱ ፊት ተቀመጠ። ዘጠኙን ሙሉ መንዙማ ከእነ ሳሉ፣ ከእነ ዶሮው ቀዳ። በኒካሑም ዕለት በስልክ የተቀዳ ድምፅ አልተሰማም፤ ራሷ አዜመች፣ ልጁም ተቀበላት። ጠባቧ እርምጃ ላይ ሲደርስ አያቱን ዓይን ዓይኗን ያይ ነበር። ከሁለቱ ተጀምረው ከቀሩት መንዙማዎች ግን ከመጀመሪያው ስንኝ በላይ አላገኘንም። ማን እንደሚያውቃቸውም በየመውሊዱ እየጠየቅን ነው።

ውድ አንባቢያን! በየቤታችሁ እንዲህ ያለ እናት ወይም አባት እንዳለ አልጠራጠርም። እንግዲያው ምክሬ አጭር ነው። ዛሬ ቅዷቸው። የቀዳችሁትን ሳትነኩት አንድ ቅጂ ለብቻው አስቀምጡ፤ ማሳመር የሚፈልግ ልጅ ካለ በሌላው ቅጂ ላይ ይሥራ። ማን እንዳዜመው፣ ከማን እንደተማረው፣ የየት ቀበሌ ዜማ እንደሆነና በየትኛው ቀን እንደተቀዳ በቃልም በጽሑፍም አኑሩ። ልጆቻችሁንም ከሰዓት ፊት በተሠራው ክብ ላይ ነጥብ እያስቀመጡ ወረቀት እንዲያጥፉ ጋብዟቸው። የገጠመውን ሲያዩ ደስ ይላቸዋል። ያልገጠመውን ይዘው «አባዬ፣ ይሄ ተበላሽቷል» ብለው ሲመጡ ግን ለማረም አትቸኩሉ። መጀመሪያ አያታቸውን ይጠይቁ።

አላህ (ሱ.ወ) አዛውንቶቻችንን በጤና ያቆይልን፤ ያወረሱንንም ሳናጎድልና ሳንጨምር ለልጆቻችን የምናደርስ ያድርገን። ኣሚን።